ዳሱ የሚቀበለው መዝሙር

ለመጋባት ቀን ለቆረጣችሁ፣ ልጅ ለምትድሩም

«መካነ ኢየሱስ» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ቤተ ክርስቲያኒቱን ነው፤ በጥር ወር 1951 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተመሠረተችውን የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስን። ለእስቴ ሰው ግን መካነ ኢየሱስ የከተማው ስም ነው። ከደብረ ታቦር በስተ ደቡብ የምትገኝ፣ ከጉና ተራራ ብዙም ያልራቀች፣ የእስቴ ወረዳ ዋና ከተማ። የስሙ መገጣጠም ፈገግ ያሰኛል፤ ምክንያቱም በዚያ አካባቢ ወንጌላውያን አማኞች እጅግ ጥቂት ናቸው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በደቡብ ጎንደር ዞን ከመቶው ሰው 96 ያህሉ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ነበር፤ ከቀረውም የሚበዛው ሙስሊም ነው።

ታዲያ ከእስቴ፣ ከስማዳ ወይም ከጋይንት የወጡ ወንድምና እኅት በጌታ ሲጋቡ ዳሱ ውስጥ የሚቀመጠው ማን ነው? አብረዋችሁ የሚያመልኩት ቅዱሳን ሁለት አግዳሚ ወንበር ቢሞሉ ነው። የቀረው አጎት ነው፣ አክስት ነው፣ ጎረቤት ነው፣ ዕድርተኛ ነው፤ አንዳንዴም የቤተሰቡ ነፍስ አባት ናቸው። ለእነዚህ ሁሉ ሰዎች ምን ይዘመር? ውድ አንባቢዎች፣ ይህን ጥያቄ የምናነሣው የእስቴን ሙሽሮች አስበን ነው፤ ነገር ግን ከቤተሰባችሁ እናንተ ብቻ አምናችሁ የምትጋቡ ሁሉ፣ አዲስ አበባም ሆናችሁ ጅማ፣ ጉዳዩ ይመለከታችኋል።

የሰርግ መዝሙር ዛሬ እንዴት እንደሚመረጥ ታውቃላችሁ። እጮኛሞቹ ስልካቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። በከተማ አዳራሽ የተደረገ የሰርግ ቪዲዮ ይከፈታል፤ ለመግቢያ ይህ፣ ለቀለበት ያ፣ ለኬክ ደግሞ ሌላ ይባላል። ሃያ መዝሙር በፍላሽ ተገልብጦ ለአንድ ወንድም ይሰጣል፤ በቃ፣ አለቀ። አዳራሹ በአማኞች የተሞላ ከሆነ በዚህ ክፋት የለም። እስቴ ላይ ግን ያ ፍላሽ ሲከፈት የሚታየው ሌላ ነው። መዝሙሩ ከድምፅ ማጉያው ይወጣል፣ ስምንት ወጣቶች ከፊት ቆመው ያጨበጭባሉ፣ የሙሽራዪቱ እናት እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ዓመት ሙሉ እህል ሲያከማቹ፣ ድግስ ሲደግሱ የከረሙ እናት በገዛ ዳሳቸው እንግዳ ይሆናሉ።

«ልጄ፣ ሳይዘፈንልሽ ልትወጪ ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጥያቄውን የእምነት ክርክር አድርገን እንሰማዋለን፤ መልሳችንም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። እስቲ በእርሳቸው ጆሮ እንስማው። በዚያ አገር ያለ ዘፈንና ያለ እልልታ ልጅ የሚዳረው ሐዘን በተቀመጠ ቤት ነው። እናትየው የሚፈሩት ጎረቤት «የነእገሌ ሰርግ ለቅሶ መሰለ» እንዳይል ነው፤ ከዚያም በላይ ለልጃቸው ገና በሕፃንነቷ ሲያስቡት የኖሩት እልልታ አፋቸው ውስጥ እንዳይቀር ነው።

የቃሉ ነገር

«እኛ አንዘፍንም» የሚለው መልሳችን በአብዛኛው የሚያርፈው በገላትያ 5፥21 ላይ ነው። በ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሥጋ ሥራዎች ሲዘረዘሩ ከስካር ቀጥሎ «ዘፋኝነት» የሚል ቃል አለ። በግሪኩ ያለው ቃል «ኮሞስ» ነው። ኮሞስ በጥንቱ ዓለም ከመጠጥ ግብዣ በኋላ በሌሊት እየጮኹና እየዘለሉ በየመንገዱ የመዞር፣ የስካርና የልቅነት ፈንጠዝያ ስም ነበር። በሮሜ 13፥13ም ጳውሎስ ያንኑ ቃል ከስካር ጋር አጣምሮ ይጠራዋል፤ አማርኛውም እዚያ «ዘፈን» ይላል። ያን ሁሉ ነገር በአንድ የአማርኛ ቃል መያዝ ለተርጓሚዎቹ ቀላል እንዳልነበረ መገመት ይቻላል።

ያው መጽሐፍ ቅዱስ ግን 2ኛ ሳሙኤል 6 ላይ ዳዊት በታቦቱ ፊት ያደረገውን ሲተርክ የሚጠቀምበት ግሥ ይኸው «መዝፈን» ነው። መዝሙር 150 ላይም እግዚአብሔር ከሚመሰገንባቸው ነገሮች መካከል ከከበሮው ጎን «ዘፈን» ተቆጥሯል። በግእዝ «ዘፈነ» ማለት ጨፈረ፣ በእግሩ ደስታውን ገለጠ ማለት ነውና። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ቃል በአንድ በኩል የሥጋን ሥራ፣ በሌላ በኩል የንጉሡን አምልኮ ሲጠራ እናገኘዋለን።

እንግዲህ «ዝፈኑ» እያልን ነውን? አይደለም። አረቄው ሲበዛ፣ ሌሊቱ ሲገፋ የሚወጣውን ግጥም አገሩን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እኅቶቻችን አንገታቸውን የሚደፉበት ነው። ሽለላውና ፉከራው የሞቀበት ሰርግ የድሮ ቂም ሲቀሰቅስ፣ ጥይት ሲተኮስ፣ ደስታው በለቅሶ ሲያልቅም ታይቷል። ጳውሎስ ኮሞስ ያለው ይህን የመሰለውን ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለኝም። ነገር ግን አያቲቱ ተነሥተው ለሙሽራዪቱ የሚያወጡት፣ አስተዳደጓን የሚያመሰግን፣ «ውለጂ ክበጂ» የሚል የምርቃት ዜማ ከዚያ ጋር አንድ ስም ስለተሰጠው ብቻ አንድ ፍርድ ሊሰጠው አይገባም። ቃሉን ስሙት። ምን ይላል? ማንን ያዋርዳል? ከእርሱ በኋላስ ምን ይከተላል? ከመጋቢያችሁና ከሽማግሌዎቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ይህን ብትመረምሩ «ሁሉም ይቅር» ከሚለውም «ሁሉም ይግባ» ከሚለውም የተሻለ መንገድ ታገኛላችሁ።

መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ለሙሽሮች የተዘመረ መዝሙር አለው። መዝሙር 45ን እንደ ሰርግ መዝሙር አንብባችሁት ታውቃላችሁ? ገጣሚው ሙሽራውን በግርማው ያወድሰዋል፤ ወደ ሙሽራዪቱም ዞሮ ስለ ልብሷ፣ ስለ ደናግል ሚዜዎቿ፣ የአባቷን ቤት ትታ ስለ መሄዷ ይናገራል። ቤተ ክርስቲያን በዚህ ውስጥ ክርስቶስን ማየቷ ትክክል ነው፤ ሆኖም መጀመሪያ የተዘመረው ሰው ተሰብስቦ በተቀመጠበት የንጉሥ ሰርግ ላይ ነው። ለሙሽሮች መዘመር አምልኮ መስረቅ አይደለም። የእኛ ችግር እንዲህ ያለ መዝሙር ስላነሰን በኬክ ቆረጣው ጊዜ ለጌታ የተዘመረ የንስሐ መዝሙር ከኋላ መክፈታችን ነው። ይህ ለእኔ ከአያቲቱ ዜማ ይልቅ የሚያሳስብ ነው።

አውጪና ተቀባይ

የአገራችን የሰርግ ዜማ እንዴት እንደተሠራ ልብ በሉ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌላው ይቀበላል። አውጪዋ ግጥሙን እንደ ቦታው ትቀያይረዋለች፤ የሙሽራውን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የመጣበትን መንደር ታስገባበታለች። የተቀባዩ ድርሻ ግን አጭር ነው፤ በሁለተኛው ዙር ሕፃን ልጅ እንኳ ይይዘዋል። ለማጀቢያ ጭብጨባና ከበሮ ይበቃል። ፊደል ያልቆጠሩ፣ ዜማውን ቀድመው ያልሰሙ ሰዎች በአንድ ደቂቃ ውስጥ ገብተው አንድ ይሆናሉ።

ይህ አሠራር ከመጽሐፍ ቅዱስ የራቀ አይደለም። መዝሙር 136 ሃያ ስድስት ቁጥር አለው፤ የእያንዳንዱ ቁጥር ሁለተኛ እኩሌታ አንድና ያው ነው። መሪው የፍጥረትንና የቀይ ባሕርን ነገር ሲያወጣ ሕዝቡ የምሕረቱን ቃል ይቀበላል። ተቀባይ ያለው መዝሙር ማለት ይህ ነው።

አሁን በስልካችሁ ያለውን ዝርዝር በዚህ ዓይን እዩት። በስቱዲዮ የተቀረጹት መዝሙሮቻችን ብዙዎቹ ውብ ናቸው፤ ግን የተሠሩት ለመስማት ነው። አራት የተለያየ ግጥም፣ መሀል ላይ ረጅም የኪቦርድ ጨዋታ፣ መጨረሻ ላይ ከፍ የሚል ድምፅ አላቸው። የስማዳው አጎታችሁ በየት በኩል ይግቡበት? ስለዚህ ሃያውን ወደ ስምንት አውርዱትና ከስምንቱ አራቱ ተቀባይ ያላቸው ይሁኑ። ዜማቸውም ለአካባቢው ጆሮ ቅርብ ቢሆን ይመረጣል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የእኛም የእነርሱም ቅኝቶች ናቸው፤ ጊታርና አኮርዲዮን ያጀቧቸው ከቆዩት መዝሙሮቻችን መካከል በእነዚህ ቅኝቶች የተዜሙ ጥቂት አይደሉም። ከመንገዱ መጀመሪያ ዓመታት የነታምራት ኃይሌንና የነተስፋዬ ጋቢሶን መዝሙሮች የሚያውቁ ወላጆች ካሏችሁ እነርሱን ጠይቁ።

ማሲንቆ ለማስገባት ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልጠቁም። አንድ ክር የፈረስ ጭራ ኃጢአት የለበትም፤ ዛሬ ማሲንቆ ይዘው ጌታን የሚያመሰግኑ ወንጌላውያን አሉ። ነገር ግን በጎንደር ማሲንቆ የአዝማሪ ነው። በኦርቶዶክስ ማሕሌት የምታዩት ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ነው፣ በጾም ጊዜ ደግሞ በገና። ስለዚህ ማሲንቆው ሲወጣ ዘመዶቻችሁ የሚጠብቁት ሙገሳና ሽልማት ይሆናል፤ የእምነት ወንድሞቻችሁም ላይገባቸው ይችላል። ካስገባችሁት አስቀድማችሁ ለሁለቱም ወገን ንገሩ። ከበሮ ግን ማንንም አያስደነግጥም።

ይህ ሁሉ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት በተዘጉበት ጊዜ ሰርግና ለቅሶ አማኞች ተሰብስበው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ከሚዘምሩባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች ነበሩ። ተስፋዬ ጋቢሶ ሰባት ዓመት ታስሮ ሳለ መዝሙሮቹ ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጡ በየቤቱ ይገቡ ነበር። በዚያን ጊዜ ዳስ ውስጥ የሚዘመረው ሁሉም በቃሉ የያዘው መዝሙር ነበር፤ የማያምነው ጎረቤትም ቁጭ ብሎ ይሰማ ነበር። ከእነዚያ ጎረቤቶች መካከል ዛሬ ሽማግሌዎቻችን የሆኑ አሉ።

ሁለታችሁ ስትቀመጡ

አብራችሁ ከመምረጣችሁ በፊት ለየብቻችሁ አምስት አምስት መዝሙር ጻፉ፤ ከጎኑም ለምን እንደመረጣችሁት አንድ ዐረፍተ ነገር አስፍሩ። ከዚያ ዝርዝሩን ተለዋወጡ። እርሱ «ዜማው ይመቸኛል» ያለው መዝሙር ለእርሷ ጌታን ያገኘችበት ሌሊት ሊሆን ይችላል። እርሷ የሰረዘችው ደግሞ እርሱ አባቱ በታመሙ ጊዜ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የዘመረው ሊሆን ይችላል። ሁለት ዓመት ተጫጭተው ይህን ሳይተዋወቁ የቆዩ አሉ። በነገራችን ላይ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ማን ዘወትር እንደሚረታና ማን ዘወትር ዝም እንደሚል አስተውሉ፤ የቤት ኪራይና የልጅ ስም ሲመጣ ያው ነው የሚሆነው።

ቀጥሎ ሁለቱንም ቤተሰብ ስለ ሐዘን ጠይቁ። እኛ ስለ ሰማይ ቤት የምንዘምራቸውን መዝሙሮች በቀብርም በሰርግም እንዘምራቸዋለን፤ ለእኛ ተስፋ ናቸው። ባለፈው ዓመት ወንድማቸውን በዚያ ዜማ የሸኙ እናት ግን በሰርጉ ቀን ሲሰሙት ምግቡ ከእጃቸው ይወድቃል። የጎረቤትንም ሐዘን አትርሱ። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ በብዙ መንደር ሰው ያልሞተበት ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። ከሰርጉ በፊት ሐዘንተኛው ቤት ሄዶ «ከበሮ ልንመታ ነው፣ ፍቀዱልን» ማለት የአገር ወግ ነው፤ አማኝ ከዚህ ወግ ሊያንስ አይገባውም። አልቻልንም ካሉ ከበሮው ይቅር፤ በአፍ መዘመር ይቻላል።

የክርክር መዝሙሮችን ተዉአቸው። አንዳንድ መዝሙሮቻችን የሌላውን እምነት በጎን የሚነኩ ስንኞች አሏቸው፤ በጉባኤያችን ውስጥ አሜን ስንልባቸው አይታወቀንም። ነፍስ አባታቸው አጠገባቸው በተቀመጡ እናት ፊት ግን እያንዳንዱ ቃል እንደ ድንጋይ ይወድቃል። ያን ቀን እርሳቸው የሰጧችሁን ልጅ ተቀብላችሁ፣ በሰጧችሁ ዳስ ተቀምጣችሁ፣ በመዝሙር ልትረቷቸው አትሞክሩ። ደግሞም ኦርቶዶክሳውያን ዘመዶቻችሁ የራሳቸው የሰርግ መዝሙር አላቸው፤ ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ብዙዎቹ የዳስ ዘፈንን ትተው በመዝሙር መጋባትን ይመርጣሉ። ከምትገምቱት በላይ ተቀራራቢ ናችሁ። ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደ ቃል ያለው መዝሙር ብትመርጡ፣ ለምሳሌ ስለ ቤት በረከት የሚናገረውን የመዝሙር 128ን አሳብ፣ ሁሉም ያለ ሥጋት ይቀበለዋል።

ስለ መግቢያው ጉዞ ዜማም ጥቂት ልበል። በየአዳራሹ በኪቦርድ የሚመታው «የሙሽራ ማርሽ» ከየት እንደመጣ ብዙ ሰው አይጠይቅም። ለመግቢያ የሚመታው ዋግነር የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1850 ለመድረክ ካቀረበው «ሎሄንግሪን» ከተሰኘ ኦፔራ የተወሰደ ነው። በኦፔራው ውስጥ ያ ዜማ የተዘመረላቸው ሙሽሮች በዚያችው ሌሊት ይለያያሉ፤ ሙሽራዪቱም በመጨረሻ ትሞታለች። ለመውጫ የሚመታው ደግሞ ሜንደልሶን እ.ኤ.አ. በ1842 ለሼክስፒር ተውኔት የደረሰው ነው። ሁለቱም የተስፋፉት የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1858 ስታገባ ስለተመቱላት ነው። በእነዚያው ዓመታት እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ፣ የሴባስቶፖል መድፍ በተሠራበት ስፍራ፣ ከቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮን የመጡ ወንጌላውያን የእጅ ሙያተኞች ለአፄ ቴዎድሮስ ይሠሩ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር የጆን ቤልን ልጅ አገባ፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። እንግዲህ በደቡብ ጎንደር ወንጌላዊ አማኝ የአገሬውን ልጅ ማግባቱ የዚያን ማርሽ ፋሽንነት ያህል ዕድሜ አለው። ማርሹን ከወደዳችሁት ማንም አይከለክላችሁም፤ የግድ ነው ብላችሁ ግን አትጨነቁ። በእልልታና በከበሮ የገባ ሙሽራ ገብቷል።

ቃል ኪዳኑ ሲፈጸም መዝሙር አይኑር። ከኋላ ለስለስ ያለ ኪቦርድ እንኳ ይቅር። የሦስተኛው ረድፍ አክስት «ምን አለ? ምን አለች?» ሳይሉ ቃሉን በጆሯቸው ይስሙ። በእምነት ከእኛ ጋር የማይስማሙ ሰዎች የጋብቻ ቃል ኪዳናችንን የሚሰሙት ምናልባት ያን ቀን ብቻ ነው።

ስለ መሣሪያው ደግሞ፦ ያለ መብራት የማይሆን ዝርዝር አትያዙ። ኳየሩ ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ታቦር ይመጣል ብላችሁ መንገዱ ሊዘጋ ይችላል፤ ጄኔሬተሩ ሊበላሽ ይችላል። ስምንቱንም መዝሙር ሚዜዎቻችሁ በቃላቸው ይያዙአቸው። ከመካከላቸው ድምፅ ያላትን አንዲት እኅት አውጪ አድርጉ፤ ሁለት ምሽት ከሙሽራዪቱ አክስቶች ጋር ጎመን እየቀነጠሰች፣ ሽንኩርት እየላጠች ተቀባዩን ታለማምዳቸው። እንግዲህ በሰርጉ ቀን ሲወጣ የሚቀበል አለ። አክስቶቹም በበኩላቸው የሚያውቁትን የምርቃት ዜማ ለእርሷ ያሳውቋታል፤ ቃሉ መልካም ሆኖ ካገኘችው እርሷ ትቀበላቸዋለች።

በመጨረሻው ላይ፣ ሙሽራዪቱ ከቤት ልትወጣ ስትል፣ በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ባዶ ቦታ ተዉ። ፕሮግራም መሪው ሰዓት እያየ እንዳያቻኩል አስቀድማችሁ አስጠንቅቁት። አባትና እናት ይነሣሉ፣ አያትም ካሉ ይነሣሉ፤ ሙሽሮቹ ዝቅ ብለው ጉልበት ይስማሉ፤ መራቂው አንድ አንድ እያሉ ያወጣሉ፣ ዳሱ በሙሉ «አሜን» እያለ ይቀበላል። ያን ጊዜ የድምፅ ማጉያውን አጥፉት።